የፍሬን ሸራ መቼ ይቀየራል? እግራችሁ የማይነግራችሁ ነገር

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ሾፌሩ ፍሬን በነካ ቁጥር ከፊት ጎማ በኩል «ሲጥጥጥ» የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። እግሩን ሲያነሳ ይጠፋል፣ መልሶ ሲረግጥ ይመጣል። ረዳቱ ለምዶታል፣ ተሳፋሪውም ለምዶታል። ከመሃል አንዱ «ፍሬኑ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሾፌሩ «አይዞህ፣ ይይዛል» ይላል።

ሾፌሩ አልዋሸም። ፍሬኑ እውነትም ይይዛል። ችግሩ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ሊያልቅ ትንሽ የቀረው የፍሬን ሸራ መኪናውን ልክ እንደ አዲስ ሸራ ሊያቆም ይችላል። «እየያዘ ነው» ማለት «ገና አላለቀም» ማለት ብቻ ነው። ነገ ስለሚሆነው ነገር ምንም አይነግረንም።

የራሳችሁ መኪና ባይኖራችሁም ይህ ጉዳይ ይመለከታችኋል። የቤተሰብ መኪና፣ የሰፈር ታክሲ ወይም የትምህርት ቤት ሰርቪስ መቼም አይጠፋም። በዚያ ላይ ነገሩ ፊዚክስ ነው። ክፍል ውስጥ የተማራችሁት ሰበቃና ጉልበት ጎማው ውስጥ ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ።

እንዲያልቅ የተሠራ ዕቃ

የአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የፊት ፍሬን ዲስክ ነው። ዲስኩ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ክብ የብረት ሳህን ሲሆን በግራና በቀኙ ሁለት ሸራዎች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ውስጥ ይገፋል፣ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ደግሞ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ ያጣብቃቸዋል። የሚሽከረከር ሳህንን ጫፉ ላይ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ስታቆሙት አስቡ። ነገርየው በቃ እሱ ነው።

ስሙ ሸራ ይባል እንጂ ዛሬ ጨርቅ አይደለም። ሙጫ፣ የብረት ብናኝ፣ ቃጫ፣ ግራፋይትና ሌሎችም ነገሮች ተቀላቅለው፣ በግፊትና በሙቀት ደርቀው፣ በብረት ሰሌዳ ላይ የተለጠፉበት ውህድ ነው። ይህ ውህድ ከዲስኩ ይልቅ ለስለስ ያለ ነው፣ ያውም ሆን ተብሎ። ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ አንዱ ማለቁ አይቀርም። መሐንዲሶቹ የሚያልቀው ርካሹና በቀላሉ የሚቀየረው እንዲሆን መረጡ። ላጲስ ከወረቀት ቀድሞ የሚያልቀው ወረቀቱ እንዳይቀደድ አይደል? እንደዚያው ነው።

ይህ ሐሳብ የመኪናን ያህል ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1888 የካርል ቤንዝ ባለቤት በርታ ቤንዝ፣ ለባሏ ሳትነግር፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ በአዲሱ ባለሞተር ጋሪ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ተጓዘች። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነበረው፣ የእንጨቱ ፍሬንም እያለቀ አስቸገራት። ታዲያ ምን አደረገች? ጫማ ሰፊ ዘንድ ቆመችና ፍሬኑ ላይ ቆዳ አስለጠፈች። እያለቀ የሚቀየር ነገር ፍሬን ላይ መለጠፍ ማለት ይኸው ነው።

ጉልበቱ የት ይሄዳል?

1,200 ኪሎ ግራም የሆነ ትንሽ መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው እንበል። የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 116 ኪሎጁል ገደማ ነው። ራሳችሁም ልታሰሉት ትችላላችሁ። ፍጥነቱን ወደ ሜትር በሰከንድ ቀይሩት፣ 13.9 ይመጣል። እሱን በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ1,200 አባዙና ለ2 አካፍሉ።

መኪናው ሲቆም ይህ ጉልበት አይጠፋም። ከሞላ ጎደል ሁሉም ዲስኩና ሸራው ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ምን ያህል ሙቀት? አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የአንድ ጊዜ ማቆም ሙቀት ከግማሽ ሊትር ትንሽ ያነሰ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችላል። አንድ ትንሽ ጀበና ማለት ነው። በእያንዳንዱ የትራፊክ መብራት አንድ ጀበና እንደ መጣድ ቁጠሩት።

ፍጥነቱ ወደ 100 ቢያድግስ? ሁለት ጀበና እንዳትሉ። ፍጥነት በራሱ ስለሚባዛ ጉልበቱ 4 እጥፍ ይሆናል፣ ማለትም 463 ኪሎጁል ገደማ። በሁለት መኪኖች ላይ አንድ ዓይነት ሸራ ቢገጠም፣ አንዱ ባለቤት ለሦስት ዓመት ሲነዳበት ሌላው በአንድ ዓመት ሊጨርሰው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «ሸራ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር ብቻ የሚነግራችሁን ሰው ብዙ አትመኑት። አነዳዱ፣ ጭነቱ፣ የከተማው ግርግርና የመንገዱ ቁልቁለት ሁሉ ይለያያሉ።

እግር ለምን አያውቅም?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሰበቃ ኃይል የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ሸራው ምን ያህል ተጭኗል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሸራውና ዲስኩ ሲፋተጉ ምን ያህል ይያያዛሉ የሚለው ነው። ቀመሩ ውስጥ ውፍረት የሚባል ነገር የለም! 11 ሚሊሜትር የሆነ ሸራና 3 ሚሊሜትር የቀረው ሸራ በአንድ ዓይነት ግፊት ከተጫኑ የሚይዙት በተመሳሳይ ኃይል ነው።

«ሸራው ሲሳሳ ፔዳሉ ወደ ታች አይወርድም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዲስክ ፍሬን ላይ ግን ሸራው ባለቀ ቁጥር ፒስተኑ በዚያው ልክ ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ይቀመጣል። በሸራውና በዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት ሁልጊዜ ጠባብ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ፔዳሉ ዛሬም ትናንት በሚይዝበት ቦታ ይይዛል። ለእግር የሚደርስ ወሬ የለም። ፍሬኑ ድክመቱን የሚደብቀው በጥሩ ምህንድስና ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ እኩል ከያዘ ለምን ይቀየራል?

አዲስ ሸራ፣ ከኋላው ያለውን የብረት ሰሌዳ ሳንቆጥር፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። መካኒኮች «ቀይረው» የሚሉት 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲቀር ነው። 3 ሚሊሜትር የእርሳስን ግማሽ ውፍረት እንኳ አይሞላም። የየመኪናው ትክክለኛ ወሰን መመሪያው ላይ አለ። ከ3 ሊያንስም ይችላል፣ ግን እስከ ወሰኑ መጠበቅ አያስፈልግም። ለምን?

አንደኛ፣ ሸራው የሙቀት መከላከያም ነው። ትኩስ ድስት በወፍራም ጨርቅና በስስ ሶፍት ማንሳት አንድ ነው? አይደለም። ሸራው ሲሳሳ የዲስኩ ግለት በቀላሉ ወደ ፒስተኑ፣ ከዚያም ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል። ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ጣጣ ነው፣ ወደዚህ እንመለሳለን።

ሁለተኛ፣ ሸራዎች እኩል አያልቁም። የውጭው 4 ሚሊሜትር እያለው በመኪናው ሆድ በኩል ያለው 1 ሚሊሜትር ላይ ሊሆን ይችላል። 3 ሚሊሜትር የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ድንገተኛ ነገር የሚሆን ትርፍ ጭምር ነው።

ሦስተኛው በጣም ከባዱ ነው። ሸራው ሙሉ በሙሉ ካለቀ የሚቀረው የብረት ሰሌዳው ነው። ብረት ብረትን ይፍቃል። አያያዙ የማይገመት ይሆናል፣ ዲስኩም ይቦረቦራል። ሸራ ብቻ በመቀየር ያልቅ የነበረው ወጪ የዲስክ ዋጋ ይጨመርበታል። ለገንዘብ ሲባል ሸራ ማዘግየት መጨረሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ቁልቁለቱ ሲመጣ

ከተማ ውስጥ ሸራው በእያንዳንዱ ማቆሚያ መካከል ትንሽ የመቀዝቀዝ ፋታ ያገኛል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ፋታ የለም። ከጎሃ ጽዮን ተነስታችሁ ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ያው 1,200 ኪሎ ግራሙ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 11,800 ኪሎጁል ገደማ ጉልበት መጣል አለበት። ይህ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ 100 ጊዜ ደጋግሞ እንደ ማቆም ነው። መቶ ጀበና! ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ሲሆን ደግሞ ይህ ሁሉ በ25 ይባዛል።

ከዚህ ጉልበት የተወሰነውን ነፋሱ ይወስድልናል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ብዙውን ይይዝለታል። ማርሹን ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ግን ሸክሙን ሁሉ ለፍሬኑ ይተዋል። ነዳጅ የቆጠበ ይመስለዋል፣ የሚከፍለው ግን በሸራ ነው።

ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊደርሱ ይችላሉ። አንዱ በሸራው ላይ ነው። ውህዱን የያዘው ሙጫ መቃጠል ይጀምርና ጋዝ ያወጣል፣ ሸራውም ዲስኩ ላይ መያያዙ ይቀንሳል። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አልቆም ይላል። ሁለተኛው በዘይቱ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መፍላት የሚጀምርበት ሙቀት ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ ውስጡ አረፋ ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፣ አረፋ ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ ግፊቱ ሸራው ጋ አይደርስም። ስስ ሸራና ያረጀ ዘይት አንድ ላይ ቁልቁለት ላይ መገኘት የለባቸውም የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ በሜትር ሲለካ ምን ይመስላል? ደረቅ አስፋልት ላይ በ50 የሚሄድ መኪና ጥሩ ፍሬን ከተያዘ ወደ 14 ሜትር ሄዶ ይቆማል። ሾፌሩ አይቶ እስኪረግጥ ያለፈው አንድ ሰከንድ ሌላ 14 ሜትር ይጨምራል፣ ድምሩ 28። በግለት ምክንያት የፍሬኑ ኃይል በግማሽ ቢቀንስ ግን ድምሩ 42 ይሆናል። ልዩነቱ ሦስት ሚኒባሶች ተከታትለው ቢቆሙ የሚይዙት ቦታ ነው። ዜብራው ከዚያ ቦታ ውስጥ ከሆነ፣ የሚሻገረውም ሰው እዚያው ውስጥ ነው።

እንዴት ይታወቃል?

እግር ካልነገረን ጆሮና ዓይን አሉን።

በጆሮ። ብዙ ሸራዎች ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲወርድ ምላሷ ዲስኩን መንካት ትጀምራለች፣ «ሲጥጥጥ» ትላለች። የሚኒባሱ ድምፅ ይህ ሊሆን ይችላል። ይህ ብልሽት ሳይሆን «አሁን ቀይረኝ» የሚል ደወል ነው። ግን ተጠንቀቁ። በክረምት ጠዋት ዲስኩ ላይ ሌሊት የተፈጠረ ስስ ዝገት ተመሳሳይ ድምፅ ሊያወጣ ይችላል፣ እሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። በሌላ በኩል ምላስ የሌላቸው ሸራዎችም አሉ። እነሱ ሳይጮሁ ያልቃሉ። ስለዚህ ድምፅ መኖሩ ማስጠንቀቂያ ነው፣ አለመኖሩ ግን ማረጋገጫ አይደለም። ቀጭኑ ድምፅ ወደ ወፍራም «ክርርር» ከተለወጠ ደግሞ ደወሉ አብቅቷል፣ ብረት ብረትን እየፋቀ ነው። መኪናው መቆም አለበት።

በዓይን። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ፍሬኑም ይቀዝቀዝ። በቸርኬው ክፍተት በኩል የስልካችሁን መብራት አብሩና ተመልከቱ። መጀመሪያ የሚያንጸባርቀውን ዲስክ ታያላችሁ። እሱን ተጠግቶ ያለው ሸራው ነው፣ ከሸራው ጀርባ ደግሞ የብረት ሰሌዳው አለ። ሰሌዳውን ከሸራው ጋር ደምራችሁ እንዳትለኩ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የውስጠኛው ሸራ በዚህ መንገድ አይታይም። እሱን ለማየት ጎማው መፈታት ስላለበት ጎማ ለማስተካከል ወይም ዘይት ለመቀየር ጋራዥ ስትሄዱ «ሸራውንም እየው» በሉ። የኋላ ፍሬናቸው ታምቡር የሆኑ መኪኖችም ሸራቸው ከውጭ አይታይም፣ ካልተከፈተ ምንም ማለት አይቻልም።

በዘይቱ። ፒስተኑ ወደ ፊት በተጠጋ ቁጥር ከኋላው የሚቀረውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል። ስለዚህ ሸራው ሲያልቅ በኮፈኑ ሥር ባለው ዕቃ ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ቀስ እያለ ይቀንሳል። ቀስ ብሎ ሲቀንስ ምልክቱ የሸራ ነው። በድንገት ከቀነሰ ግን እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል መንዳት አይገባም። ቀነሰ ብሎ ዝም ብሎ መሙላት ምልክቱን ማጥፋት ነው።

ሌሎችም አሉ። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ አንዱ ፒስተን ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። መሪው ከተንቀጠቀጠ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ እንጂ የሸራው አይደለም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የፍሬን መብራት ከበራ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ መለቀቁን እዩ። ከተለቀቀ በኋላም ካልጠፋ ችላ አትበሉት።

በደብተር መተንበይ

ትንሽ ሳይንቲስት ሁኑ። ጋራዥ ሸራው ሲታይ ውፍረቱንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ለምሳሌ አዲስ ሲገጠም 11 ሚሊሜትር ነበር፣ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በኋላ 9 ሆነ እንበል። 2 ሚሊሜትር በ10,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከ9 እስከ 3 ድረስ 6 ሚሊሜትር ስላለ ወደ 30,000 ኪሎ ሜትር ይቀራል። በመካከሉ የዓባይ በረሃ ጉዞ ካለ ወይም መኪናው ጭነት ካበዛ ትንበያው ስለሚዛነፍ ደግማችሁ ለኩ። ያገለገለ መኪና የገዛ ቤተሰብ ደግሞ ከዜሮ ይጀምር፣ የድሮው ባለቤት ሸራውን ምን ያህል እንደተጠቀመበት ቆጣሪው አይናገርም።

ሲቀየር

ሸራ ጥንድ ጥንድ ነው። የቀኝ ጎማው ከተቀየረ የግራውም አብሮ ይቀየራል፣ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ብዙ ሸራዎች ጠርዛቸው ወይም ጀርባቸው ላይ ሁለት ፊደላት ይታተሙባቸዋል። እነዚህ ሸራው ምን ያህል እንደሚያያዝ ይናገራሉ፣ የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሲግል። ኤፍ ማለት የሰበቃ መጠኑ ከ0.35 እስከ 0.45 ነው፣ ኢ ከሆነ ግን ከ0.25 እስከ 0.35። ከመኪናው መመሪያ ጋር የሚስማማውን ምረጡ።

መካኒኩ ጨርሶ ቁልፉን ሲመልስ አንድ ነገር አትርሱ። መኪናው ሳይነሳ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መረገጥ አለበት። ፒስተኖቹ ለአዲሱ ሸራ ቦታ ለመስጠት ወደ ኋላ ስለተገፉ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው። የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትር ገደማም ለስለስ አድርጎ መንዳት አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ ያደርጋል።

ጋራዥ ቆማችሁ የምታዩ ከሆነ ከብናኙ ራቁ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሸራ ሲሠራ የነበረው ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ተጨምሮበት ነው፣ በብዙ አገሮች የተከለከለውም ለዚህ ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ የማይጨመር ቢሆንም ብናኙን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር እፍ ማለት አይገባም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ቤተሰቦች «እኛስ?» ይሉ ይሆናል። የእነሱ ሞተር ቁልቁለት ላይ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የእንቅስቃሴውን ጉልበት መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ሸራቸው ረጅም ጊዜ ይቆያል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን ጉልበቱን የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው ሥራው ወደ ሸራው ይመለሳል። ብዙ ያልሠራ ፍሬን ደግሞ ሊዝግ ይችላል። እነሱም ቢሆኑ ማየት አለባቸው።

አሁን ወደ ሚኒባሱ እንመለስ። «ይይዛል» የሚለው መልስ ለተሳሳተ ጥያቄ የተሰጠ ትክክለኛ መልስ ነው። ሸራ እስከ መጨረሻው ቀን ይይዛል፣ ማለቁንም በእግር አይናገርም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ያ ቀጭን ድምፅ ሲሰማችሁ፣ አጠገባችሁ ያለው ሾፌር አባታችሁም ይሁን የሰርቪሱ ሹፌር፣ በትህትና ሌላ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ስንት ሚሊሜትር ቀረው?»